ነጥብ ለቃሚዋ

ሰፈርተኛው ሁሉ ራጅ አንሺ ትመስለው ነበር። የዚህ ስሕተት ባለቤት ታናሽ እኅቷ ልብስ ሰፊዋ ናት። ደንበኞቿ ስለ ታላቅ እኅቷ ሥራ ሲጠይቋት ማብራራቱ ስለሚታክታት፣ በከንፈሮቿ መካከል የያዘቻቸውን ስፒሎች ሳታወጣ «ራጅ ቤት ነው የምትሠራው» ብላ ትገላገላለች። ከዚያ ወዲህ አንዱ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ፣ ሌላዋ ሳል የጠናበትን ደረቷን ደግፋ በራቸውን ማንኳኳት ሲያበዙ ታላቂቱ ተቆጣች።

«የሰማይ ራጅ ነው ብለሽ ንገሪያቸው። እኔ የሰው አጥንት አይቼ አላውቅም።»

«እሱማ ይብሳል» አለች ታናሺቱ። «ሰማዩን ምን አመመው ቢሉኝ ምን ልመልስ ነው?»

በምርምር ተቋሙ ውስጥ ግን ሥራዋም ማዕረጓም የታወቀ ነበር። ማዕረጓ «ዓይናማ» የሚለው ስም ነው፤ ባልደረቦቿ አወጡላት፣ እሷም እንደ ሹመት ተቀበለችው። ሥራዋ ደግሞ መልቀም ነው። በሳተላይት ላይ የተጫነ ቴሌስኮፕ ያነሳው የሰማይ ምስል በስክሪኗ ላይ ይዘረጋል። ምስሉ ገጣሚ የሚያወድሰው ባለ ከዋክብት ሰማይ አይደለም፤ በጥቁር ጨርቅ ላይ የተነሰነሰ ዱቄት ይመስላል። እያንዳንዱ ብናኝ ከማይታሰብ ርቀት ተጉዞ መሣሪያውን የመታ አንድ የኤክስሬይ ብልጭታ ነው። ብናኞቹ ከሌላው ስፍራ ይልቅ አንድ ቦታ ላይ ጠጋ ጠጋ ካሉ፣ በዚያ አቅጣጫ አንድ የሚያበራ አካል አለ ማለት ነው፤ ይህን ነው በተቋሙ ቋንቋ «ነጥብ» የሚሉት። ጉልሁን ነጥብ ኮምፒውተሩም አይስተውም። ደብዛዛውን ግን ኮምፒውተሩ ይጠረጥራል እንጂ አይፈርድም፤ የመሣሪያውን ጠርዝ ነጥብ ነው ይላል፣ እውነተኛውን ነጥብ ደግሞ አልፎት ይሄዳል። ፈራጇ ዓይናማ ናት። ነጥብ ነው ካለች በክብ ታጥረዋለች፤ የታጠረውም ከምስሉ ተቆርጦ ይወጣል።

ሌላ ለቃሚ የለቀመውን ይዞ የቀረውን ይረሳል። የእሷ ክፍል ግን የሚፈልገው የቀረውን ነበር። በኤክስሬይ ዓይን የታየ ሰማይ የትም ቢሆን ፈጽሞ አይጨልምምና። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከጨረቃ ገጽ የሚመለስ ጨረር ይኖር እንደሆነ ለመፈተሽ የተተኮሰች አንዲት ሮኬት ከአየሩ ሽፋን በላይ ለጥቂት ደቂቃዎች ስትቆይ፣ ሰማይ በየአቅጣጫው በስስ ጮራ ተለብጦ አገኘችው። ይህ ጮራ ከወዴት ይመጣል የሚለው ጥያቄ የስንቱን ሊቅ ዕድሜ በላ። ቴሌስኮፖቹ እየጠሩ ሲሄዱ፣ ጭጋግ ይመስል የነበረው እየተሰነጠቀ ነጥብ ይሆን ጀመር፤ ነጥቦቹም አብዛኞቹ በሩቅ ጋላክሲዎች እምብርት የተቀመጡ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶች ናቸው። በዙሪያቸው ያለው ጋዝ ወደ ሆዳቸው እየሰመጠ ሲሄድ ይግላል፣ ሲግልም ያንን ጨረር ይረጫል። ይሁንና ነጥቡ ሁሉ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ የሚተርፍ ነገር አለ። ትርፉ ከጋላክሲያችን ዙሪያ ካለ የጋለ ጋዝ የሚወጣ እውነተኛ ጭጋግ ነው ወይስ ገና ያልተለዩ ነጥቦች ክምችት? የክፍሉ ኃላፊ ከተማሪነቱ ጀምሮ የተጣበቀው በዚህ ጥያቄ ላይ ነበር። ዓይናማም ከእሱ በፊት በነበሩት ሁለት ኃላፊዎች ዘመን ጀምራ ያንኑ ሰማይ ስትለቅም ጠጉሯ ሸብቷል።

ከክፍሉ ሥርዓቶች ሁሉ የሚበልጠው ዘር ይባላል። ለቃሚ ሰው ነውና ያመልጠዋል፤ ምን ያህል እንደሚያመልጠው ካልታወቀ ደግሞ የቀረው ጮራ ምን ያህሉ የሰማዩ፣ ምን ያህሉ የለቃሚው ስንፍና እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ በየጊዜው አንድ ባለሙያ በእውነተኛ ምስሎች ውስጥ ሰው ሠራሽ ነጥቦችን ይዘራል፤ ለቃሚዋም የትኞቹ እንደሆኑ ሳታውቅ እንደ ልማዷ ትለቅማለች። ከተዘራው ያመለጣት ይቆጠርና በዚያ መጠን ስሌቱ ይታረማል። ዘሩን የሚዘራው ሰው ከእሷ ጋር አብሮ ያረጀ ቴክኒሻን ነበር፤ ዘሪው ይሉታል። ወሬኞች «ዘሪውና ለቃሚዋ ሳይጋቡ የተጋቡ ናቸው» እያሉ ያሟቸዋል። በደህናው ዘመን ዓይናማ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ይቺ የሰማይ አይደለችም፤ ያንተ ናት። እግዚአብሔር እንዲህ እኩል አድርጎ አይበትንም» ትለው ነበር። እሱም ይናደዳል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ይራቀቃል፣ እሷም ታገኘዋለች።

ሕመሙ የጀመራት በስክሪኑ አመካኝቶ ነው። መሃሉ ደበዘዘ ብላ አመለከተች፤ ለወጡላት። አዲሱም መሃሉ ደበዘዘ፤ ያንንም ለወጡላት። ከዚያ ድብዛዜው ከቢሮ ተከትሏት ወጣ። የምትሳፈርበት አውቶቡስ ቁጥር መሃሉ ተበልቶ ዳርና ዳሩ ብቻ ይታያት ጀመር። የቤታቸው የበር መቃን፣ ቀጥ ብሎ የኖረው፣ ወገቡ ላይ ሸምቀቅ አለ። የእኅቷን ፊት ስታይ ጆሮዎቿና ጠጉሯ በቦታቸው አሉ፤ አፍንጫዋ ያለበት ግን በእርጥብ ጣት የተሻሸ ይመስላል።

ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም። አባቷ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ፤ በስተርጅና ሰውን በጎን ነበር የሚያዩት። እንግዳ ሰው ኩራት ይመስለው ነበር። እሷ ግን የሚያናግሩትን ሰው ለማየት ከፊቱ ላይ ዓይናቸውን ማንሳት እንደነበረባቸው ታውቃለች። ያም ሆኖ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቃሏን እየመረጠች ተናገረች።

«የሚያረጀው የዓይንዎ መሃል ነው፤ ዳር ዳሩ ይቆያል። ጨርሶ ማየት አያቅትዎም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚያቅተኝ?»

«ፊት ለፊት ያለውን ማየት» አለች ሐኪሟ፤ ከዚያም መጽናኛ የሚመስል ነገር ጨመረች። ዓይናማ አልሰማቻትም።

በዘሩ ፈተና ከተቀመጠው ልክ በታች የወረደ ለቃሚ ከወንበሩ ይነሣል። ደንቡ ይኸው ነው፤ ጭካኔ የለበትም፤ ሽኝትም ምስጋናም ይደረግለታል። እሷ ግን ከዚያ ወንበር ወዲያ ሌላ ነገር አልነበራትም። አላገባችም፣ አልወለደችም፣ ከእኅቷ በቀር የቅርብ ዘመድ የላትም፤ ሰው ስለ እሷ ሲያወራ የሚጠቅሰው አንድ ነገር ቢኖር ዓይኗን ነው። ያ ከሄደ የሚቀረው ሰው ማን እንደሆነ አታውቀውም ነበር። ፈተናውም እየቀረበ ነበር።

ዘሪውን የማሽኖቹ ክፍል ውስጥ አገኘችው። የማቀዝቀዣዎቹ ጩኸት ሰው እንዳይሰማ ያደርጋል።

«አንተ ሰው፣ አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ስክሪን ለውጥልኝ ከሆነ ጠግበናል። መደብር ልንከፍትልሽ ነው።»

«የምትዘራውን አሳየኝ።»

ሳቀ። እሷ ሳትስቅ ስትቀር የእሱም ሳቅ ቀስ ብሎ ቆመ። ፊቷን በእጁ ወደ ብርሃኑ አዞረ፤ የእሱን ፊት በቀጥታ እንደማታይ ያን ጊዜ አስተዋለ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከክረምቱ ወዲህ።»

«ለኃላፊው ንገሪው። ሰው ነው፤ ይገባዋል።»

«ሰው ስለሆነ ነው የማልነግረው። ያዝንልኛል። አበባ ይሰጡኛል፣ አብረን ፎቶ እንነሣለን፤ ከዚያ ወዴት ልሂድ? እኅቴ ሱቅ ተቀምጬ ቁልፍ ልሰፋ?»

«ቁልፍስ በየትኛው ዓይንሽ» አለ ዘሪው፤ ካፉ አምልጦት ነበር። ሁለቱም ሳቁ፤ እሷ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። እሱ ሴት ስታለቅስ ቆሞ ማየት የማይችል ሰው ነው።

የዘራባቸውን ቦታዎች በትልልቅ ነጭ ምልክት አስፍቶ በየምስሉ አሳያት። እሷም በዓይኗ ጠርዝ እያየች በቃሏ ያዘች። ፈተናው ሲመጣ ሁሉን ለቀመች፤ ለይምሰል ጥቂቶቹን ብቻ ሆን ብላ ተወች። ዘሪው ውጤቷ ወንበሯን ብቻ ሳይሆን ስሌቱንም እንደሚነካ ያውቃል፤ ግን ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ ስሌቱ ይውጠዋል ብሎ ራሱን አሳመነ። እሷ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከወንበሯ አልፎ የሚያስብ አእምሮ አልነበራትም።

ዓመቱን ሙሉ ለቀመች። ጉልሆቹን ታያለች፤ መካከለኞቹን አንገቷን ሰበር አድርጋ በዓይኗ ጠርዝ ትይዛለች። ደብዛዞቹ ግን፣ ዓይናማ ያሰኟት እነዚያው፣ ባዶ ሰማይ መስለው ያልፏታል። የሠራችው ምስል ሁሉ «ንጹሕ» የሚል ምልክት እየተደረገበት ወደ ስሌት ክፍል ሄደ።

በመጨረሻ ኃላፊው ክፍሉን በሙሉ ወደ ስብሰባ አዳራሹ ጠራ። ዓይናማ ከፊት ተቀመጠች፤ ሁልጊዜም ከፊት ያስቀምጧታል። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ልብሱን ለብሶ ሳይጨርስ ከቤት የወጣ ሰው ዓይነት ጥድፊያ ነበረበት።

«ነጥቡን ሁሉ አውጥተናል» አለ። «ያመለጠውንም በዘሩ ልክ ቀንሰናል። መቅረት የነበረበት ጮራ ይህን ያህል ነው። የቀረው ግን ይኸውላችሁ።» ግድግዳው ላይ የተራራቁ ሁለት መስመሮች በዓይኗ ጠርዝ ታዩዋት። «የዱሮ ምስሎቻችን ይህን ትርፍ አያሳዩም። የዚህ ዓመቶቹ ያሳያሉ። ምክንያቱም ዘንድሮ ቴሌስኮፑ ዞሮ የቆየው ወደ አዲስ የሰማይ አቅጣጫ ነው። እዚያ አንድ ነገር አለ። ነጥብ ያልሆነ ነገር፤ እውነተኛ ጭጋግ።»

ከኋላ ረድፍ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለቃሚ አምልጦት ቢሆንስ፣ ዶክተር? ያልተለየ ነጥብ እኮ ጭጋግ ይመስላል።»

«ለቃሚያችን እኮ ዓይናማ ናት» አለ ኃላፊው፤ አዳራሹ ሳቀ፤ አጨበጨበም።

ዓይናማ የኃላፊውን ፊት ለማየት ሞከረች። ትከሻው አለ፣ የሸሚዙ ክሳድ አለ፤ ደስታው የሚነበብበት ቦታ ላይ ግን ግራጫ እድፍ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። በአዲሱ የሰማይ አቅጣጫ ምንም አዲስ ነገር የለም። ትርፉ እሷ ያላየቻቸው ነጥቦች ናቸው፤ እዚያ ግድግዳ ላይ ያስጨበጨበው የእሷ መታወር ነው። አዲስ የሆነው የሰማዩ አቅጣጫ ሳይሆን የዓይኗ ሁኔታ ነበር። እጇን አጣጥፋ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። ኃላፊው በወሩ መጨረሻ ወደ ታላቁ ጉባኤ ተጉዞ ግኝቱን እንደሚያቀርብ ተናግሮ ስብሰባው ተበተነ።

ቤት ስትገባ እኅቷ የልብስ ጠርዝ እየሰፋች ነበር። ዓይናማ ሳትቀመጥ፣ ኮቷንም ሳታወልቅ ሁሉን ነገረቻት። እኅቷ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የስፒል መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካች።

«ዓይንሽን ካወቅሁት ቆየሁ፣ እትዬ። ባለፈው ሳምንት ሱቅ መጥተሽ እንደምን ዋልሽ ያልሽው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቷን ነው። ቀሚሱ አምሮብሻል አልሻት።»

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽኝ?»

እኅቷ ውሃ ቀድታ ብርጭቆውን በእጇ አስያዘቻት።

«እሺ፣ ማን ተጎዳ?» አለች። «ሰማይ ይከስሻል? ጭጋግ አለ ይበሉ፣ የለም ይበሉ፣ ለእኛ ጎዳና የሚጨምረው ነገር የለም።»

«ይህን አምነው ሌሎች ቴሌስኮፕ ወደዚያ ያዞራሉ። ወጣቶች ዕድሜያቸውን ይሰጡታል። የሌለ ነገር ፍለጋ።»

«ያለ ነገር ፍለጋ የሰጡትስ? አንቺ ሰጥተሽ ምን አተረፍሽ?» ተቆጥታ ሳይሆን ተሰብራ ነበር የተናገረችው። «ከነገርሻቸው ያባርሩሻል እኮ። በአበባ አይደለም፤ አጭበርባሪ ብለው።»

ዓይናማ ብርጭቆውን እንደያዘች ስለ አባታቸው ማውራት ጀመረች። አባታቸው ዓይናቸው ከደከመም በኋላ ሰዓት መጠገናቸውን አልተዉም ነበር። ደንበኞች በአክብሮት ተቀብለው፣ «እጅዎ ይባረክ» ብለው፣ ማዕዘኑን ዞረው ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ይገባሉ። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን አባታቸው ያንን ጠጋኝ በመንገድ አግኝተው ሥራ እንዴት ነው ቢሉት፣ ሰውየው የዋህ ነበርና «የእርስዎን ሳስተካክል እውላለሁ» አላቸው። ወደ ሱቃቸው ተመልሰው ዘጉት፤ እስኪሞቱም ድረስ ሰዓት እጃቸው ላይ አላሰሩም።

«እኔ ያንን ሰው መንገድ ላይ ማግኘት አልፈልግም» አለች ዓይናማ።

እኅቷ ልብሱን አንሥታ ስፌቷን ቀጠለች። «እንግዲያው ኮትሽን አውልቂ» አለች።

በማግሥቱ መጀመሪያ የነገረችው ለዘሪው ነው። እንዲህ ይሆናል ብላ ያላሰበችው ቁጣ ጠበቃት።

«እኔን አታስገቢኝ» አለ።

«ስምህን አልጠራም።»

«ሳትጠሪኝ እንዴት ይሆናል? በዚህ ቤት ነጥብ የሚዘራ ሌላ ሰው አለ? ነፋስ አምጥቶ በተናቸው ልትያቸው ነው?» ከማሽኖቹ መካከል ወዲያና ወዲህ ሲል ጥላው ብቻ ይታያታል። «እኔም እኮ ከዚህ ክፍል ውጪ ማንም አያውቀኝም። ያንቺ ወንበር ብቻ መሰለሽ?»

«አልመሰለኝም። አላሰብኩበትም ነበር።»

«አላሰብኩበትም ማለት ጥሩ ነው። ምነው ለእኔም ያን ጊዜ ባስተማርሽኝ» አለና ቆመ። ትንፋሹ ሲረጋጋ ድምፁ ደክሞ ወጣ። «ሂጂ፤ ንገሪ። ብቻ እንዳለ ንገሪ። እኔ አልነበርኩም የለመንኩሽ።»

«እኔ ነኝ የለመንኩህ።»

«እሱን እንዳትረሺ» አለ፤ ፊቱን ወደ ማሽኖቹ መለሰ።

የኃላፊው ቢሮ በሩ ክፍት ነበር። ለጉዞው የሚይዛቸውን ወረቀቶች እየመረጠ «ይግቡ፣ እትዬ፣ ይግቡ» አላት። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ዓይኗ መሃሉ መጥፋቱን፣ የዘሩን ቦታዎች አስቀድማ ማየቷን፣ ዘሪውን አስጨንቃ የለመነችው እሷ መሆኗን፣ ዓመቱን ሙሉ ንጹሕ ያለቻቸው ምስሎች ንጹሕ አለመሆናቸውን፣ አንዱን ከሌላው ሳታምታታ ተናገረች። የወረቀቱ ኮሽታ መሃል ላይ ቆሞ ነበር።

«ስንት አመለጠዎት?» አለ በመጨረሻ።

«ያላየሁትን እንዴት ልቁጠር፣ ዶክተር?»

ወንበሩ ተንቀሳቀሰ፤ ወደ መስኮቱ እንደሄደ ከብርሃኑ መጋረድ አወቀች። ፊቱ ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ፣ ምናልባትም ሁለቱንም ሆኖ፣ ማወቅ የምትችልበት መንገድ አልነበራትም፤ ሌላው ሰው ሁሉ በነፃ የሚያገኘው ይህ ነገር እሷን ተከልክሏታል። ስለዚህ ጠበቀች።

«ሃያ ዓመት ነው» አለ፤ ለእሷ ይሁን ለመስኮቱ አልታወቀም። «ሃያ ዓመት የፈለግሁት ትንሽ ትርፍ ነበር። ስብሰባው ላይ እኮ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር።»

«አዎ።»

«አጨበጨቡልን።»

«አዎ።»

ተመልሶ ተቀመጠ። ሲናገር የሥራ ድምፁን ለብሶ ነበር። «ምስሎቹን በሌላ ለቃሚ ማስለቀም ዓመት ይፈጃል። እሱን እናደርገዋለን። ጉባኤውን እሰርዛለሁ። ግን የሰረዝኩበትን ምክንያት ስናገር፣ ከትርፉ ምን ያህሉ የሰማዩ፣ ምን ያህሉ የእርስዎ እንደሆነ ማለት አለብኝ። ያንን የማገኝበት አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው።»

ገብቷት ነበር፤ እሱ እስኪጨርስ ግን ጠበቀች።

«ፈተናውን በእውነት ይፈተናሉ። ዛሬ። ዘሩን የምዘራው እኔ ነኝ፤ የዘሪውን እጅ ያውቁታል።» ትንሽ አመነታ። «መልካም ለመሥራት አይሞክሩ። ይህን ማለት ይከብዳል። እንደሚያዩት ብቻ ይልቀሙ።»

ወንበሯ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተቀመጠች። ኃላፊው ከኋላዋ ቆመ፤ ዘሪውም ተጠርቶ መጥቶ ነበርና ምንም ሥራ ሳይኖረው በሩ አጠገብ ተደገፈ። የመጀመሪያው ምስል ተዘረጋ። ጉልሆቹን አጠረች። ከዚያ ዱሮ ሥራ የሚጀምርበት ስፍራ፣ ደብዛዞቹ የሚኖሩበት ጸጥታ፣ ባዶ ሆኖ ጠበቃት። ከግራ በኩል አንድ ነገር ጠጋ ጠጋ ያለ መሰላት፤ ቀጥ ብላ ስታየው ጠፋ፣ ዘወር ስትል ተመለሰ። ነጥብ ይሁን የዓይኗ ቅዠት አላወቀችም። የዘመናት ልምዷ ነጥብ ነው ይላታል፤ ከምስሉ ጠርዝ በዚያ ርቀት ላይ ነጥብ መገኘቱ የተለመደ ነው። ግን ልምድ ዓይን አይደለም። እዚህ ወንበር ላይ የተፈለገው የምታውቀው ነገር ሳይሆን የማታየው ነገር ነበር። እጇን ከማውሱ ላይ አነሣችና «ቀጣዩን» አለች።

ቀጣዩም እንዲሁ ሆነ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም። ሠላሳ ያህል ምስል ካለፈ በኋላ ማለፉ ቀላል እየሆነ መጣ፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ አስፈራት። ከኋላዋ የኃላፊው እስክሪብቶ አልፎ አልፎ ይጫር ነበር፤ እሷ ባለፈችበት ሁሉ እንደሚጫር ሳትፈልግ ለየችው። አንድ ጊዜ ብዙ ጫረ። በሩ አጠገብ ዘሪው ሲያስል ተሰማ፤ የሚያስለው ሊያመለክታት ሳይሆን መቆም ስላቃተው እንደሆነ ታውቃለች፤ «ውጣ፣ ዝም ብለህ ውጣ» አለችው፤ አልወጣም።

ምሳ ሰዓት አልፎ ስትጨርስ ኃላፊው እዚያው ቆሞ አሰላ። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ይህን አድርጎ አያውቅም ነበር።

«ከትርፉ አብዛኛው የእርስዎ ነው» አላት።

«የቀረውስ?»

«የቀረው ከስሕተታችን ወሰን በታች ነው። አለ ለማለትም፣ የለም ለማለትም አልችልም።»

«እንግዲያው ምንም አላገኘንም።»

«የምናውቀውን ነው ያገኘነው» አለ። «ነጥቦች ናቸው። ለማየት ያልቻልናቸው ነጥቦች።» ምናልባት ይህን ሲል ሊያጽናናት ፈልጎ ይሆናል፤ ድምፁ ግን ከሩቅ ነበር የሚመጣው። መጠኑ በዘገባው ውስጥ እንደሚጻፍ፣ ስሟ እንደማይነሣ፣ ከነገ ጀምሮ መምጣት እንደማያስፈልጋት ነገራት። ዘሪውን ደግሞ ከማሽኖቹ ክፍል አንሥቶ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ እንዳዛወረው፣ ወደ በሩ ሳይዞር ተናገረ። ዘሪው «እሺ፣ ዶክተር» አለ።

ኮቷን ለብሳ ወጣች። አበባ አልነበረም፤ ፎቶም አልተነሡም። በኮሪደሩ ያገኟት ሰዎች ነገሩን ገና አልሰሙምና «ዓይናማ፣ ደህና ዋልሽ» ይሏታል፤ እሷም በድምፃቸው እየለየች ትመልሳለች። ነገ እንዲህ እንደማይጠሯት አስባ፣ ዛሬስ ለምን ይጠሩኛል አለች በልቧ። ከኋላዋ የዘሪው ኮቴ ይሰማታል፤ አይደርስባትም፣ አይቀርባትም። ለረጅም ጊዜ አብረው የሄዱበት ኮሪደር ነው፤ እንዲህ ተራርቀው ግን ሄደውበት አያውቁም።

የሕንፃው መውጫ ላይ የድንጋይ ደረጃዎች አሉ። ከመጀመሪያው ደረጃ ልትደርስ ስትል «ደረጃ አለ» አላት ከኋላዋ።

«አየሁት» አለች፤ እንደ ልማዷ፣ ሳታስበው። እግሯን አንሥታ አየር ላይ ያዘችውና መልሳ መሬት ላይ አኖረችው። ፊት ለፊቷ ግራጫ ጭጋግ ነበር፤ ደረጃው የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚለይበት መስመር የለውም።

«አላየሁትም» አለች። «ክንድህን ስጠኝ።»

ዘሪው ወዲያው አልመጣም። ቆመ፤ ትንፋሹ ይሰማታል። ከዚያ ሁለት እርምጃ ቀረባት፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ ክንዱን ሰጣት።